የውጭ እጅና የዩኒቨርሲቲ ምርምር፦ ከመስቃንና ማረቆ ሲታይ

የዩኒቨርሲቲ ምርምርን ከውጭ ተጽዕኖ ለመጠበቅ መንግሥታት የሚያወጧቸው ደንቦች ከሁለት ዓይነት ስጋት ይነሳሉ። አንደኛው የባለጠጋ አገሮች ስጋት ነው፤ በቤተ ሙከራ የተገኘ ዕውቀት በተጋባዥ ተመራማሪ ወይም ባልተገለጸ የውል ገንዘብ በኩል ወደ ተፎካካሪ መንግሥት እንዳይሾልክ ይፈራሉ። ሁለተኛው ዕውቀቱን የሚያመርትበት ገንዘብ የሌለው፣ ጥሬ ሀብቱ ግን በእጁ ያለ አገር ስጋት ነው። እንዲህ ያለው አገር ዘሩ፣ ደሙ፣ ቅሪተ አካሉና የሕዝቡ መረጃ በትብብር ስም ወጥቶ እንዳይቀር ይሰጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሰጋው ደግሞ ምን ይጠና የሚለውን ገንዘብ ሰጪው ብቻውን እንዳይወስን ነው።

የመጀመሪያው ስጋት ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ በብዙ አገሮች ሕግ ሆኗል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2018 ከቻይና ጋር ግንኙነት አላቸው በተባሉ ሰዎችና ተመራማሪዎች ላይ ያነጣጠረ የምርመራ ዘመቻ ጀምሮ በ2022 አቆመ። በጥር 2021 የወጣ የፕሬዚዳንት ማስታወሻ ደግሞ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ተመራማሪ የውጭ ግንኙነቱን ሁሉ እንዲያሳውቅ አዘዘ። አውስትራሊያ በ2019 ለዩኒቨርሲቲዎቿ የውጭ ጣልቃ ገብነት መከላከያ መመሪያ አወጣች። ካናዳ በጥር 2024 የምርምር ተቋማትን በስም ዘርዝራ፣ ከእነርሱ ጋር የሚሠራ ሰው በተወሰኑ የቴክኖሎጂ መስኮች የፌዴራል ድጋፍ እንዳያገኝ ከለከለች። ቻይናም በበኩሏ በ2019 የዜጎቿ የዘረመል ናሙናና መረጃ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ የሚያግድ ደንብ ሥራ ላይ አዋለች።

ኢትዮጵያ ያለችው በሁለተኛው ወገን ነው፤ ልምዷም ከእነዚህ ሕጎች ሁሉ የቀደመ ነው። የውጭ እጅ ወደ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ከጎን ሾልኮ የገባ አይደለም፤ ተቋማቱ ሲመሠረቱም አብሮ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲከፈት ያደራጁት ካናዳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት ነበሩ። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ከአሜሪካ ኦክላሆማ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 የተከፈተው በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የውጭ እጅ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል ሆኖ አያውቅም። ያ እጅ ምን ይዞ ይገባል፣ ምን ይዞስ ይወጣል የሚለው ነው ደንብ የሚያስፈልገው።

መጀመሪያ የተቆለፈው የአጥንቱ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ ለጥናት ወደ አሜሪካ ክሊቭላንድ ተወስዳ በ1980 ተመለሰች። በዚያው ዘመን በአፋር የሚቆፍሩ የውጭ ቡድኖች እርስ በርስ ይሻኮቱ ነበር፤ አንድ አሜሪካዊ የሥነ ምድር ተመራማሪም ለስለላ ድርጅት ይሠራል በሚል ወሬ መካከል በ1978 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። በ1982 መንግሥት የውጭ ቡድኖችን የቅድመ ታሪክ ምርምር በሙሉ አገደ፤ እገዳው የተነሣውም ከዓመታት በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ ነው። ያ ጊዜ ለሳይንሱ ብዙ አስከፍሏል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሠልጥነው የራሳቸውን ቡድን የሚመሩበት፣ ቅሪተ አካል በብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጦ ሊያጠናው የፈለገ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣበት ሥርዓት የተገነባው ከዚያ ወዲህ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህንን በሕግ አጸና። ከእነዚህ ደንቦች ሁሉ ተጨባጭ ውጤት ያሳየው ይኸኛው ነው ቢባል ስህተት አይሆንም፤ ምክንያቱም ጥበቃው በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም፣ ሕንፃና ባለሙያ ተከትሎታል።

በዘርና በዕፅዋት በኩል ግን ደንቡ የመጣው ከጉዳቱ ኋላ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ የብልሃርዝያን ስርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። እንግዲህ እናቶች ለዘመናት በሳሙናነት የሚያውቁት ዕፅ ርካሽ የመከላከያ መድኃኒት ሊሆን ነው ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲው የተመሠረተውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራውን ለዓመታት ገፋበት። ችግሩ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ሙከራ የተገኘው የመርዛማነት ውጤት በቂ አይደለም፣ ምርመራው በምዕራባውያን የታወቀ ቤተ ሙከራ መደገም አለበት ተባለ፤ ይህም ዓመታት ወሰደ። አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ፤ እንዶዱ ግን ገና ለገበሬው አልደረሰም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የታላላቅ ሐይቆችን የውኃ ቱቦ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ እንስሳ በእንዶድ ለማጥፋት የሚያስችል ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ዘረፋ ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። የበለጠ ሊያሳስብ የሚገባው ግን የፊተኛው ክፍል ነው። ፓተንቱ ከመመዝገቡ ሃያ ዓመት በፊት የውጭ ተጽዕኖው ሥራውን ጀምሯል፤ የትኛው ማስረጃ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል የሚለውን የወሰነው ሌላ ነበርና። ዕፅ እንዳይወጣ የሚያግድ የጉምሩክ ሠራተኛ ይህን ሊይዘው አይችልም።

ቡናውም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ኢትዮጵያ የመጣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን ከደቡብ ምዕራብ ደኖች የቡና ዘር ሰበሰበ፤ ዘሩ በኮስታሪካ በኩል ብራዚል ደረሰ። በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከዚያ ዘር በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ማለት ይቻላል የሚባል ቡና ማግኘታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት ሲያስታውቁ፣ አዲስ አበባ የሰማችው እንደማንኛውም አንባቢ ነበር።

የጤፉ ጉዳይ ከሁለቱም ይለያል፤ ውል ነበረውና። የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የእርሻ ምርምር ድርጅቱ በ1997 ዓ.ም. ኤች.ፒ.ኤፍ.አይ ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የዐሥር ዓመት ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱ በዚያን ጊዜ በዓለም አርአያ ነው የተባለለት ነበር፤ ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን ይወስዳል፣ ከሚያገኘው ያካፍላል፣ ምርምሩንም ከኢትዮጵያውያን ጋር ያካሂዳል። ይሁን እንጂ ከኩባንያው ሰዎች ጋር የተያያዘ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የፓተንት ማመልከቻ ውሉ ሳይፈረም በፊት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ገብቶ ነበር፤ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮም በ2007 ሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሠረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ ስም ቀጠለ። ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ገደማና መሐል ላይ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ሥራ ነው። በመጨረሻ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ዘዴው አዲስ ፈጠራ የለውም ብሎ ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው። ክሱም በሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች መካከል የተካሄደ ነበር፤ ጤፍን ለሺህ ዓመታት ያቆየው ገበሬም ሆነ መንግሥቱ በችሎቱ ተከራካሪ አልነበሩም።

ከጤፉ ውል አንድ ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን ይገዛል። አርክቦት የሚለው ቃል ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ ሀብቱን የማግኘትና የመውሰድ ፈቃድ ማለት ነው። በአዋጁ መሠረት ዘርም ሆነ ዕፅ ያለ ፈቃድ ለምርምር መውሰድ አይቻልም። የውጭ አገር አመልካች ግዴታውን የሚያስፈጽምበት ደብዳቤ ከአገሩ ባለሥልጣን ማምጣት አለበት። ምርምሩ ካልተቻለ በስተቀር በኢትዮጵያ ውስጥና ኢትዮጵያውያን ባሉበት ይካሄዳል። መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ግማሹ፣ 50 በመቶው፣ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ይሰጣል። ገበሬዎች እርስ በርስ ዘር ሲለዋወጡ አዋጁ አይመለከታቸውም፤ ይህ ትልቅ ጥንቃቄ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ላይ የሁለት ሰዎች አሻራ ይታያል። አንደኛው የዘር ባንኩን በገበሬው ማሳ ላይ ካለው ዘር ጋር ያስተሳሰሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ሁለተኛው በዓለም አቀፍ ድርድር የአፍሪካን አቋም የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ናቸው።

አዋጁ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ቆሼ ጥሩ ቦታ ናት። የአዲስ አበባዋን ቆሼ የሚያውቅ አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ይህችኛዋ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የማረቆ ወረዳ ከተማ ናት። አዝመራው ሲደርስ በገጠሩ ግቢ ሁሉ ዛላ በርበሬ በፀሐይ ተሰጥቶ መሬቱን ያቀላዋል። ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ ይለቅማል፤ የነጣው ለብቻ፣ የተሰበረው ለብቻ፣ ወፍራሙና ጠቆር ብሎ የቀላው ለብቻ። ለከርሞ ዘር የሚቀመጠው ከዚህ ከመጨረሻው ተመርጦ ነው። የተቀረው በጆንያ ተጠቅጥቆ በአይሱዙ ይጫናል። በየከተማው ገበያ «የማረቆ ነው» መባል ብቻውን ዋጋ የሚያስጨምረው በዚህ ምርጫ የተነሳ ነው። የአገሪቱ የእርሻ ምርምር ከዚህ የገበሬ ዘር መርጦ ከአሥርት ዓመታት በፊት የለቀቀው «ማረቆ ፋና» የተባለው ዝርያ ስሙን ከአካባቢው ወስዷል፤ ከቀለሙም ለምግብ ማቅለሚያ የሚሆን ጭማቂ ለውጭ ገበያ ሲወጣ ቆይቷል።

እንግዲህ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የማረቆን በርበሬ ሊያጠና ቢፈልግ፣ በአዋጁ መሠረት ፈቃዱ ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይመጣል፤ ናሙናው ከአገር ከመውጣቱ በፊትም የናሙና ማስተላለፊያ ውል ይፈረማል። ውሉ ናሙናው ለምን እንደሚውል፣ ለሦስተኛ ወገን እንደማይተላለፍ፣ ሥራው ሲያልቅ የቀረው እንደሚመለስ ወይም እንደሚወገድ ይዘረዝራል። ይህ ሁሉ ለፍሬው ይሠራል። ነገር ግን የዛሬ ተመራማሪ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ፍሬውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን የዘረመል ቅደም ተከተል ነው፤ ያ ቅደም ተከተል አንዴ ከተነበበ በኋላ በኮምፒዩተር ፋይል ሆኖ በነጻ መረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣል፣ ማንም ያወርደዋል። የጉራጌ ምግብ መሠረት የሆነው የእንሰት ረቂቅ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ወጥቷል፤ ጥናቱን የመራው የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ለእንሰት በሽታ መፍትሔ ሊያስገኝ ስለሚችል በጎ ነው። አዋጅ 482 ግን የተጻፈው ሀብት ማለት በእጅ የሚያዝ ነገር በነበረበት ዘመን ነው። ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ይህን ክፍተት ለመድፈን በ2022 ሞንትሪያል ላይ ተስማምቶ በ2024 ካሊ ላይ ፈንድ አቋቁሟል፤ ኩባንያዎች ወደ ፈንዱ የሚያዋጡት ግን በፈቃዳቸው ነው።

ከዕፅ ወደ ሰው ሲመጣ ነገሩ ይጠልቃል፤ ለዚህም ከመስቃንና ማረቆ የተሻለ ምሳሌ በአገሪቱ ማግኘት ያስቸግራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። በዚያን ጊዜ መስቃንና ማረቆ አንድ ወረዳ ነበሩ። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የቡታጅራ ከተማ ቀበሌ ተመርጠው ነዋሪው በሙሉ ተቆጠረ፤ ከዚያ ወዲህ ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻ፣ መግባትና መውጣት ለአሥርት ዓመታት ያለማቋረጥ ተመዘገበ። ዋናው ገንዘብ የመጣው ከስዊድን መንግሥት የምርምር ትብብር ድርጅት ነው። ለአንድ የኢትዮጵያ ወረዳ እንዲህ ያለ ረጅም የሕይወትና የሞት መዝገብ መኖሩ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ እጅግ ብርቅ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከአካባቢው የተመለመለ መረጃ ሰብሳቢ ክላሰር ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። እያንዳንዱ ቤት ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ ሰውም ቁጥር አለው። ካለፈው ጉብኝት ወዲህ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ወደ አዲስ አበባ ሄደ ብሎ ይጠይቃል። ልጅ የሞተበት ቤት ከሆነ እናቲቱ ስለ ሕመሙ በዝርዝር ትጠየቃለች፤ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ትንፋሹ ያጥረው ነበር ወይ፣ ስንት ቀን ቆየ። ከዚህ ከእናት አፍ ከተወሰደ ታሪክ ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። በኋላ በኋላ ጥናቶቹ ሲበዙ የስምምነት ቅጽ ይነበባል፤ ፈቃደኛ ነዎት ወይ ይባላል፤ መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል። ቅጹ በአማርኛ ቢነበብም ለማረቆ እናት የአፍ መፍቻዋ ሊቢዶ ነው፤ «መረጃዎ ከአገር ውጭ ላለ ተባባሪ ተቋም ሊተላለፍ ይችላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በዚያች ደጃፍ ላይ ምን ትርጉም እንደሚሰጥ ማሰብ የደንብ አውጪው የመጀመሪያ ሥራ መሆን ነበረበት።

ፕሮግራሙ ያፈራው ብዙ ነው፤ መካድ አይገባም። ኢትዮጵያውያን የሕዝብ ጤና ሊቃውንት መረጃቸውን ከቡታጅራ ሰብስበው፣ ከፊል ዓመቱን በኡሜዮ እያሳለፉ፣ ዶክትሬታቸውን ሠርተው ተመልሰዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የአገሪቱን የሕዝብ ጤና ትምህርት አቁመዋል። ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ተጠይቀው፣ ሕመሙ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ፈጽሞ አይተው እንደማያውቁ ታወቀ፤ ሕመምተኞቹም በጥናቱ አማካይነት ሕክምና አገኙ። ከዚያ የተነሣ ሥራ በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ ወደ ጎረቤት ሶዶ ወረዳ ዘልቆ፣ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዴት እንደሚሰጥ አሳየ።

በ2002 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ያካሄደው የሴቶች ጥቃት ጥናት አንዱ ቦታ ቡታጅራ ሆነ። ከ3,000 በላይ ሴቶች ተጠየቁ፤ ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ካላቸው ወይም ከነበራቸው መካከል 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ከባል ወይም ከጓደኛ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከተጠኑት አገሮች ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነበር። ጥያቄው የተቀረጸው ጄኔቫ ነው፤ መልሱ ግን የመስቃንና የማረቆ ሴቶች ነው። የውጭ ተጽዕኖ ሁሉ ጉዳት ነው የሚል ሰው ከዚህ ቁጥር ጋር መጋፈጥ አለበት፤ በአገር ውስጥ ብዙም ያልተነሣውን ጥያቄ የውጭ ጥናት አጉልቶ አንሥቶታልና። በሌላ በኩል ቁጥሩ ዓለምን ዞረ፤ ቡታጅራ በስብሰባዎች ሁሉ ስሟ ከዚህ ጋር ተነሣ። ውጤቱን ለተጠያቂዎቹ መልሶ የመናገር ግዴታ ግን በሕግ ደረጃ ይህን ያህል ክብደት ተሰጥቶት አያውቅም።

በሰው ላይ የሚሠራውን ምርምር የሚመራው ሕግ ሳይሆን በዋናነት መመሪያ ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ የውጭ ተመራማሪ ከኢትዮጵያዊ ተቋም ጋር እንዲሠራ፣ የሰው ናሙና ወደ ውጭ ሲላክም በውል እንዲሆን ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸው የግምገማ ኮሚቴ አላቸው፤ ዓለም አቀፍ ትብብር ያለበት ጥናት ወደ ብሔራዊው ኮሚቴ ይሄዳል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ደካማ ጎኑ ያለው ኮሚቴው በሚያየው ነገር ላይ ነው፤ ፕሮቶኮሉ ሲቀርብለት ተሳታፊው እንዳይጎዳ ይመረምራል እንጂ፣ ይህ ጥናት ለወረዳው ያስፈልጋል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ሥልጣኑም ጊዜውም ጠባብ ነው። ፕሮቶኮሉ ኮሚቴው ጋ ሲደርስ በጀቱ ተመድቦ፣ ርዕሱ ተወስኖ፣ ዋና ተመራማሪዎቹ ተሰይመዋል። የመጀመሪያው ደራሲ ማን እንደሚሆን፣ መረጃው በየትኛው አገር ሰርቨር እንደሚቀመጥ የሚወሰነው ከዚያ በፊት በሚፈረም ውል ነው፤ ውሉንም ብዙ ጊዜ የሚያረቀው የገንዘብ ሰጪው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል ነው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን ሁኔታ ሊለውጠው ይችላል። የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻው መረጃ ይመድበዋል፤ ወደ ውጭ ማስተላለፍንም በቅድመ ሁኔታ ያስራል። እስከዚያ ድረስ በሥነ ምግባር መመሪያ ብቻ ተይዞ የነበረው ጉዳይ በዚህ አዋጅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያለው ሕግ ሆነ ማለት ነው። ሆኖም ቅጹ ላይ ስም ተፍቆ ቁጥር ብቻ ቢቀር፣ ጥቂት ሺህ ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ውስጥ የቤት ቁጥርና የልጅ ዕድሜ ተደምረው ሰውየውን መልሰው ያሳያሉ። ለገጠር የጤና መዝገብ ማንነትን መሸፈን ከከተማ ይልቅ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ደንብ ሲጠብቅ ምን ሊሆን እንደሚችልም አገሪቱ ታውቃለች። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ የሲቪል ማኅበራት በሰብዓዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት ጉዳይ እንዳይሠሩ አገደ። ዩኒቨርሲቲዎችን በቀጥታ አልነካም። ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ስለ ጥቃት፣ ስለ ፍትሕና ስለ መብት የሚያጠኑ ማኅበራት ተዳከሙ፤ ለሚጠፋው የውጭ ገንዘብ ምትክ የሚሆን የአገር ውስጥ ገንዘብ አልተዘጋጀምና። አዋጁ በ1113/2011 ተተካ። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፦ ቦታውን የሚተካ የራስ ምንጭ ሳይኖር የውጭ ገንዘብን መዝጋት የውጭን ተጽዕኖ አያጠፋም፣ ጥናቱን ነው የሚያጠፋው።

ከ2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለው አዲስ ነገር በሩን የሚዘጋው ሌላኛው ወገን መሆኑ ነው። በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፤ የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ፈርሶ አለቀ፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች የሕዝብና ጤና ዳሰሳ የሚያካሂደው ፕሮግራምም አብሮ ተቋረጠ። በግንቦት 1 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት አሜሪካዊው ዩኒቨርሲቲ ለውጭ አገር ተባባሪው የሚያካፍለውን ንዑስ ድጋፍ አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የብሔራዊ ደኅንነት ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ስጋቶች ተገናኙ። ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አሜሪካዊው ባልደረባ የውጭ እጅ ነበር፤ አሁን ለአሜሪካዊው ደንብ የውጭ እጅ የሆነው የአዲስ አበባው ተመራማሪ ነው። ምርምርን ከውጭ ለመጠበቅ የተጻፈ ደንብ፣ ምንም የሚሰረቅ ቴክኖሎጂ በሌለበት በሕፃናት ሳንባ ምችና በእናቶች ጭንቀት ጥናት ላይ አረፈ።

ይህ ሁኔታ በኢትዮጵያ በኩል የጎደለውን አጉልቶ ያሳያል። ያሉት ሕጎች በአመዛኙ የመውጫውን በር ይጠብቃሉ፤ ዘሩ በፈቃድ ይውጣ፣ ደሙ በውል ይውጣ፣ አጥንቱ አይውጣ፣ መረጃው በቅድመ ሁኔታ ይውጣ ይላሉ። የመግቢያውን በር፣ ማለትም ጥያቄው የሚገባበትን፣ የሚጠብቅ የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄን ደግሞ በክልከላ መጠበቅ አይቻልም። የሚጠበቀው ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዋና ጥናት እንኳ በራሱ ገንዘብ ሲመድብና ወደ ድርድር ጠረጴዛ የራሱን ረቂቅ ይዞ ሲቀርብ ነው። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ ተቋሙ ገቢውን ራሱ የመፈለግ ሰፊ ነጻነት አግኝቷል። ነጻነቱ ሁለት ስለት አለው። ገቢ ፈላጊ የሆነ ተቋም ከውጭ ተባባሪ ጋር ሲደራደር እምቢ ለማለት ያለው አቅም ገና ከጅምሩ ይቀንሳል፤ መንግሥት ለምርምር የሚመድበው ቋሚ በጀት ካልተጠበቀ፣ ራስ ገዝነቱ ከሚኒስቴሩ ነጻ ወጥቶ በገንዘብ ሰጪው እጅ የመውደቅ መንገድ ሊሆን ይችላል። ወልቂጤን የመሰለው በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የእንሰቱና የበርበሬው ባለቤት ማኅበረሰብ ደጃፍ ላይ ሆኖ፣ የውል ክፍሉ ከአንድ ትልቅ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ጽሕፈት ቤት ጋር እኩል እንዲደራደር ይጠበቅበታል።

ያልተፈታው የመጨረሻ ጉዳይ የማኅበረሰቡ ወኪል ማን ነው የሚለው ነው። አዋጅ 482 የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለመውሰድ የማኅበረሰቡን ቅድመ ስምምነት ይጠይቃል፤ ማኅበረሰብ የሚለው ቃል ግን ካርታ ላይ በቀላሉ የሚታይ ወሰን የለውም። መስቃንና ማረቆ አንድ ወረዳ ሆነው ጥናቱ ሲጀመር የሚፈርመው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነበር። ኋላ ወረዳው ለሁለት ተከፈለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ፣ ማረቆ ደግሞ ቆሼን መቀመጫው ያደረገ ልዩ ወረዳ ሆነ። የበርበሬውን ዘር ግን ገበሬው ከወሰኑ ወዲያና ወዲህ ተለዋውጦ ነው ያቆየው፤ የአሥርት ዓመታቱ የልደትና የሞት መዝገብም የተሰበሰበው ዛሬ በሁለት አስተዳደር ሥር ካሉ ቤቶች ነው። ነገ የማስተላለፊያ ውል ቢቀርብ ስምምነቱን የሚሰጠው የልዩ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሁን፣ የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይሁን፣ ወይስ ዛላውን ለቅመው ዘሩን የሚመርጡት ሴቶች ራሳቸው፣ ይህን የሚወስን ዝርዝር አሠራር እያንዳንዱ ውል ሲመጣ ከሚፈጠር ይልቅ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ በአማርኛም ብቻ ሳይሆን በሊቢዶም ሊነበብ በሚችል መልኩ።